ዘጠኝ የተተረተሩ ቤቶች

ሰኞ 4

አስራ አንዱንም ደብዳቤ ዛሬ ፖስታ ቤት ወስጄ አስገባሁ። ከእንግዲህ ወደ ኋላ የለም።

ደንቡን እዚህም ልጻፈው፣ በኋላ ራሴው እንዳልዘባርቅ። አስራ ሁለት ሰዎች ነን፤ አስራ አንዱ ጋዜጣ ላይ ያወጣሁትን ማስታወቂያ አይተው የጻፉልኝ፣ አንዷ እኔ። እያንዳንዱ ሰው ከቁርጥራጭ ጨርቅ አስራ ሁለት ካሬ በእጁ ይሰፋል። የአንድ ሰው ካሬዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ወርዳቸውም ቁመታቸውም ሃምሳ ሃምሳ ሳንቲም። ሰፍቶ ሲጨርስ በፖስታ ለእኔ ይልካል። እኔ ደግሞ ሁሉንም ደባልቄ ለእያንዳንዱ ሰው ከየአንዳንዱ አንድ አንድ ካሬ መልሼ እልካለሁ። እሱን ገጣጥሞ ብርድ ልብስ ያደርገዋል። አንድ ሰው አይቷቸው የማያውቃቸው ሰዎች የሰፉትን ለብሶ ይተኛል ማለት ነው። ይሄን ሳስበው ደስ ይለኛል፤ ለማን እንደምነግረው ግን አላውቅም።

ከሁሉ በታች በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩ፦ «ከላኪው እጅ በቀር የሌላ ሰው እጅ አይግባበት።»

የፖስታ ቤቷ ልጅ ቴምብር እየለጠፈች «እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ድሪቶ ሊሰፋ ነው?» አለችኝ። «ድሪቶ ሳይሆን ብርድ ልብስ ነው» ብዬ ኮስተር አልኩባት። ድሪቶ መሆኑንማ አላጣሁትም።

ሐሙስ 7

ሥራ በዝቷል። ሦስት ሱሪ ማሳጠር፣ ሁለት ዚፕ፣ የምግብ ቤቱ ሽርጦች ለነገ። እማዬ ከወንበሯ በላይ ያለው አምፖል ደክሟል አለችኝ። ቀየርኩት።

ማክሰኞ 12

አንዷ ከማኅበሩ ወጣች። መንታ አርግዛለች፣ ሐኪሙ ከአልጋ አትውረጂ ብሏታል። ደብዳቤዋ የይቅርታ ብዛት ነው፤ እኔም ልቆጣት አልቻልኩም። ግን አስራ አንድ ሰው ይዤ ምን ላደርግ ነው? ሂሳቡ ሁሉ ይፋለሳል።

ይሄን እየተነጫነጭኩ ስተኩስ እማዬ ከወንበሯ ላይ ሆና «አስራ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ» አለች።

ካውያውን ይዤ ቀረሁ። መርፌ አያያዝ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ይቺን ቤት ሞልቶ የነበረው የእጅ ሥራ ሁሉ የሷ ነው። ግን መርፌ ከያዘች ስንት ጊዜዋ! «ቤቱን ነው የምሰፋው» አለች። ቤቱ የሷ ንድፍ ነው፤ ነጭ ግድግዳ፣ ሰማያዊ ጣሪያ፣ አንድ ቀይ በር። እኔ ሕፃን ሆኜ የለበስኩት ብርድ ልብስ ላይ ሁሉ ነበር።

ደስ አለኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ትንሽ ጨነቀኝም።

ቅዳሜ 16

ታላቅ ወንድሜ ካለበት ከተማ ደወለ። እማዬን ለምን የዓይን ሐኪም እንደማላሳያት ጠየቀኝ።

«ምን ሆነች ብዬ?» አልኩት።

«ባለፈው ስመጣ ሻይዬ ውስጥ ጨው ነው የጨመረችልኝ።»

«አምፖሉ ነው። አሁን ቀይሬዋለሁ።»

«አምፖሉ ነው ጨው የጨመረልኝ?»

ቆሽቴ አረረ። በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ሰው ሁሉን አዋቂ ይሆናል። «ደንበኛ መጥቶብኛል» ብዬ ዘጋሁበት። ደንበኛ አልነበረም።

እሑድ 17

እማዬ ጠዋት ጠዋት አስራ ሁለት መርፌ ላይ ክር እያስገባሁ ትንሿ ትራስ ላይ እንድሰካላት ጠየቀችኝ። ጊዜ ለመቆጠብ ነው አለች። ነገሩ ልክ ነው፣ እኔም ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሳለሁ እንደዚያ እናደርግ ነበር።

ረቡዕ 20

የመጀመሪያዎቹ ጥቅሎች ደረሱ! የነርሷ፣ የዳቦ ጋጋሪዋ፣ የሁለቱ እህትማማቾች። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ለእማዬ አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ይሄ ኮከብ ነው፣ ይሄ ቅጠል ነው እያልኩ። እሷ በጣቷ እየዳበሰች ትሰማለች።

የጡረተኛው ሹፌር ግን አናደደኝ። ከመሃላችን ወንድ እሱ ብቻ ነው። የላካቸው ካሬዎች በስፌት መኪና የተሰፉ ናቸው፣ ያውም ልቅም ተደርገው። ደብዳቤው ላይ ምንም ሳያፍር «ምራቴ አገዘችኝ» ይላል። አስራ ሁለቱንም መልሼ አሸግኩና ላኩለት። «ጋሼ፣ ደንቡን በቀይ የጻፍኩት እንዲያምር ብዬ አይደለም። ካሬው ቢንጋደድም የርስዎ ይሁን፤ የሌላ ሰው እጅ ከገባበት ውሸት ነው» አልኩት።

ትንሽ በዛብኝ መሰለኝ። ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው።

ሰኞ 25

እማዬ ሦስት ቤት ጨርሳ አሳየችኝ። ጥሩ ናቸው። ሦስተኛው ትንሽ ወደ ጎን ብሏል እንጂ ጥሩ ናቸው። «እንዴት ነው?» አለችኝ፤ «ጥሩ ነው እማዬ» አልኳት።

አምፖሉን በትልቅ ቀየርኩት።

ዓርብ 29

ሹፌሩ እንደገና ላከ። ስፌቱ የእህል ጆንያ አፍ የተሰፋበት ይመስላል፤ አንዱ ላይ የደም ጠብታ አለች። «እህቴ፣ አርባ ዓመት አውቶቡስ ስነዳ ሰው አልገጨሁም፤ በርስዎ ደንብ ግን አውራ ጣቴን ሰባት ጊዜ ወግቻለሁ» ይላል። ለእማዬ ሳነብላት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ረቡዕ 4

ሁሉም ደርሰዋል። የቀረችው እማዬ ብቻ ነበረች፤ ዛሬ አስራ ሁለቱንም በነጠላ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ፊቷ ላይ ብዙ ዘመን ያላየሁት ነገር ነበር። ጉንጬን ሳመችኝና ልትተኛ ገባች።

ፈታሁት።

የፊተኞቹ ሦስቱ ያየኋቸው ናቸው። ከአራተኛው ጀምሮ ግድግዳው ይጠባል፣ ጣሪያው ይንሸራተታል። ዘጠነኛው ላይ ቀዩ በር ጣሪያው ላይ ነው። ጣሪያው ላይ! ሳቄ አመለጠኝ። አፌን በእጄ ያዝኩ፤ ከዚያ በኋላ ሳቅ አልነበረም።

ይሄን እንዴት አድርጌ ለሰው እልካለሁ?

ሐሙስ 5

ቀን ስትተኛ ጀመርኩ። በሩን ዘግቼ። ሁለት ተረተርኩ፣ ሁለት መልሼ ሰፋሁ። የራሷን ጨርቅ፣ የራሷን ክር። ሰዎቹ ለፍተው ልከዋል፤ ልቅም ያለ ካሬ ይገባቸዋል። ለነሱ ብዬ ነው።

ቅዳሜ 7

ዘጠኙም አለቁ። ሦስቱን አልነካኋቸውም። የእማዬ ስፌት ደቃቅ ነው፣ የሩዝ ፍሬ ያህላል፤ እኔም እንደሷ አድርጌ ነው የሰፋሁት። ማንም አይለየውም። እኔ ራሴ የቱ የማን እንደሆነ ሊጠፋኝ ነበር።

የተተረተረውን የክር ብጣሽ ሰብስቤ ውጭ ያለው ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ቤት ውስጥ ያለው ለምን እንዳልበቃኝ አላውቅም።

ሰኞ 9

አስሩ ካርቶን ሄደ! የእኔና የእማዬ ድርሻ እዚሁ ቀርቷል። የፖስታ ቤቷ ልጅ «እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምነው ዝም አሉ?» አለችኝ። ደክሞኝ ነው አልኳት።

ማክሰኞ 10

ከራት በፊት እማዬ «የኔ ድርሻስ?» አለች። አመጣሁላት። አንድ በአንድ ጭኗ ላይ እያደረገች ትዳብስ ጀመር። የሹፌሩ ጋ ስትደርስ «ይሄ መቼም የአውቶቡሱ ሰውዬ ነው» አለች፤ ሁለታችንም ሳቅን። የራሷ ጋ ደረሰች። ፊት ለፊቱን ዳበሰች። ገለበጠችው። አውራ ጣቷ ቆመ።

«ይሄ የማነው?»

«ያንቺው ነዋ እማዬ። ቤቱ።»

«ቤቱስ ቤት ነው።» እንደገና ዳበሰችው። «ቋጠሮ አለው።»

ክው አልኩ። እማዬ በሕይወቷ ክር ቋጥራ አታውቅም። ቋጠሮ የተኛ ሰው ይቆረቁራል ትላለች፤ ክሩ ሲያልቅ እዚያው ላይ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ተመላልሳ ትቆርጠዋለች። እኔ ሃያ ዓመት ፋብሪካ ስሠራ የለመድኩት መቋጠር ነው፣ ይፈጥናላ። የስፌቷን ርዝመት አስመሰልኩ፣ አካሄዱን አስመሰልኩ፤ መጨረሻው ላይ ግን እጄ እኔን ሳይጠይቅ ይቋጥር ነበር። ዘጠኙም ላይ።

«ስንቱን ነው የተረተርሽው?»

«ሁለት ብቻ» አልኩ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

አውራ ጣቷን ቋጠሮው ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበር የምታደርገኝ።

«ዘጠኝ» አልኩ።

ካሬዎቹን አስተካክላ ደረበቻቸው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው፣ መርፌ የተሰካባትን ትራስ ከጎኗ አንስታ እጄ ላይ አኖረችልኝ። «በቃኝ» ብላ ተነሳች። ግድግዳውን እየዳበሰች ወደ ክፍሏ ገባች። ከመቼ ጀምሮ ነው ግድግዳ የምትዳብሰው ብዬ ልጽፍ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አውቃለሁ። ከዓመት በላይ ሆኗታል።

ረቡዕ 11

አላናገረችኝም። ምሳዋን በላች፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። እንደ እንግዳ።

ዓርብ 13

ዛሬ ተናገረች። እኔ ሽርጥ እየሰፋሁ ነበር፤ መኪናውን እንዳቆም በእጇ አመለከተችኝ።

«ዓይኔ እንደሄደ የማላውቅ መሰለሽ?» አለች። «የቀኙ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የለም። የግራውም እየሄደ ነው። ከአልጋዬ እስከ ወንበሬ አስራ አራት እርምጃ ነው፤ ከወንበሬ እስከ ምድጃው ዘጠኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አምፖል ስትቀይሪልኝ ምን ልበልሽ? አንድ ቀን እማዬ ታይኛለሽ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

አንገቴን ደፋሁ።

«ያቺ መንታ ያረገዘችው ስትቀር ልቤ ዘለለ» አለች። «እጄም ዓይኔን ተከትሎ ሳይሄድብኝ፣ የሰፋሁትን አስር ቤት ልበትነው አልኩ። የማያውቁኝ ሰዎች ይልበሱት አልኩ። መጣመሙንማ በጣቴ አውቄዋለሁ። ዓይኔ ቢሄድ እጄ አለ ብዬ ነበር። አንቺ ደግሞ እጅሽም የለም አልሽኝ።»

አላልኩም ልላት ነበር። ግን ዘጠኝ ጊዜ ብያታለሁ።

እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ራሴን አልዳበሰችኝም፣ እጇንም አልሸሸገችም። ጉልበቷ ላይ ስስመው ተወችልኝ።

ሰኞ 16

ሐኪም ቤት ሄድን። ወንድሜ አብሮን ሊሄድ ሌሊቱን በአውቶቡስ መጣ። «ነግሬሽ ነበር» አላለኝም፤ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ሐኪሟ የሄደው አይመለስም አለች። ለቀረው በቀን ሁለቴ የሚጨመር ጠብታ አዘዘች። የግራ ዓይኗ የሚያየው በጠባብ ቧንቧ ውስጥ እንደማየት ያህል ነው። እስከ መቼ ይቆያል ብዬ ስጠይቅ ሐኪሟ ለእኔ ሳይሆን ለእማዬ መለሰች፦ «ወራት ሊሆን ይችላል፣ እማማ። ማየት የሚፈልጉትን አሁን ይዩ።»

ስንመለስ እማዬ ክንዴን ያዘች። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ማክሰኞ 17

ሥራዬን ትቼ አስር ደብዳቤ ጻፍኩ። አንድ ዓይነት ናቸው፣ ግን እያንዳንዱን በእጄ ነው የጻፍኩት።

«ቤት ያለበትን ካሬ ገልብጣችሁ ጀርባውን በጣታችሁ ዳብሱ። ቋጠሮ ካላገኛችሁበት የእናቴ ነው። ካገኛችሁበት የኔ ነው፤ የሷን ተርትሬ፣ ደብቄያችሁ የሰፋሁት ነው። በቀይ የጻፍኩትን ደንብ ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ቋጠሮ ያለበትን መልሱልኝ። በቦታው የሷን ልልክላችሁ እችል እንደሆነ ግን አላውቅም፤ መርፌዋን መልሳልኛለች።»

እንደገና ሳላነበው አሸግኩ። ባነበው ኖሮ አሳምረው ነበር።

ሐሙስ 26

መልስ መምጣት ጀመረ! የነርሷ ካሬ ያለ ምንም ቃል ተመለሰ፤ ተቀይማኛለች፣ ይገባኛል። ዳቦ ጋጋሪዋ የደረሳት የእናቴ ነው፣ «አልመልስም» ብላ ጽፋለች። ከእህትማማቾቹ አንዷ የእማዬ፣ አንዷ የእኔ ደርሷቸው ተጣልተዋል።

የሹፌሩን ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስለ ደብዳቤዎቹ አልነገርኳትም ነበርና መጀመሪያ ደነገጠች። «ለአስር ሰው ጉድሽን አወጣሽ?» አለች። አዎ አልኳት። «አንብቢ እስቲ» አለች።

«እህቴ፣ እኔን ስለ ምራቴ እጅ የቀጡኝ ሴትዮ ይህን ሲጽፉ ሳይ ሳቄን ለቀቅኩት፤ ከዚያ ግን ቤቱን ገልብጬ ዳበስኩት። ሦስት ቋጠሮ አለው። ብርድ ልብሱን ገጣጥሜ ጨርሼ ነበር። ቤቱን ነቅዬ ልኬልዎታለሁ። አሁን መሃሉ ክፍት ነው፤ ዘርግቼው ስተኛ በዚያ በኩል እምብርቴን ይበርደኛል። ለእናትዎ ይንገሩልኝ፤ ተጣሞ ቢመጣም ግድ የለኝም፣ የእኔን ስፌት አይተዋል፣ ሰውን በመጣመም ለማማት አፍ የለኝም። ብቻ ብርዱ ሳይገባ።»

እማዬ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የምታለቅስ መስሎኝ ተነሳሁ። እየሳቀች ነበር። «እምብርቱን!» አለች። «እምብርቱን ይበርደዋል እኮ!» እንባዋን ጠረገች።

«እስቲ ትራሷን አምጪያት» አለች።

ዓርብ 27

አስራ ሁለት መርፌ። አስራ ሁለት ክር። ሌላ ምንም እንዳልነካ አስምላኛለች።

ቅዳሜ 12

ሦስት አልቋል። የመጀመሪያው ለሹፌሩ ሄደ። እማዬ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የምትሠራው፣ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ። እኔ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብዬ የደንበኛ ሱሪ እሰፋለሁ። ጨርቁ ከእጇ ሲንሸራተት ጣቶቼን ይበላኛል። እጄን ጭኔ ሥር አስገባዋለሁ።

አንዴ ስፌቱ ሲስት ያላወቀች መሰለኝና እስትንፋሴን ሳብ አደረግኩ። «ምን ሆንሽ?» አለች። «በሩ እየወጣ ነው» አልኳት። «ይውጣ» አለች፤ ግን ተርትራ መለሰችው። ራሷ።

ሰኞ 21

ሰባቱም ሄደዋል። ነርሷ አንድ መስመር ጻፈች፦ «ደርሶኛል። ለእናትሽ ሰላም በይልኝ።» ለእኔ ሰላም አላለችም። ቀስ በቀስ ይሆናል።

የቀሩት ሁለት ናቸው፤ የራሷና የእኔ።

እሑድ 27

የመጨረሻውን ዛሬ ጨረሰች። የእኔን ነው ለመጨረሻ ያቆየችው። ክሩን ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መላልሳ ቆረጠችና ዘረጋችልኝ።

«እንዴት ነው?» አለች።

«ጥሩ ነው» አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት።

«ጣሪያው ወደ ግራ ዘሟል» አልኳት። «አንዱ ግድግዳ ካንዱ ያጥራል። በሩ ደግሞ ከግድግዳው ወጥቶ ግማሹ ሜዳ ላይ ነው።»

«በጣም ይታያል?»

«በጣም ይታያል እማዬ።»

በሩን በጣቷ ዳበሰች። «እንግዲህ እንግዳ ሲመጣ እስከ ሜዳ ወጥቶ ይቀበለዋላ» አለች። ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ሳቄ መሃል ላይ ተሰበረ። እጇን ዘርግታ ፈለገችኝ፣ አገጬን አገኘችው።

«ወደ መስኮቱ ዙሪ» አለችኝ።

ዞርኩላት። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ በዚያች በቀረቻት ጠባብ ብርሃን ግንባሬን አየች፣ ዓይኔን አየች፣ አፌን አየች፤ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ካሬ። መላው ፊቴ ባንዴ አይገባላትም። ረጅም ጊዜ ፈጀባት። አልተንቀሳቀስኩም።

«አርጅተሻል» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«ደግ» አለች፣ ፊቴን ሳትለቅ። «አሁን አየሁሽ።»